አይቶ ያለፈ ዳኛ፤ በፍልሚያ ስፖርት ታሪክ ስለማይቀጣው ጥፋት

በአማርኛ ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደውም፣ በጨዋታ ሜዳ ቆሞ የሚያጫውተውም አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ዳኛ ይባላሉ። ይህ ከቃላት ማነስ የመጣ አይመስለኝም። በሁለቱም ስፍራ የሚፈለገው ሰው ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም በሁለት ወገኖች መካከል ቆሞ፣ ለማንም ሳያዳላ፣ የተደረገውን አይቶ ለተደረገው ተመጣጣኝ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ነው።

ዳኛ ሰው እንደመሆኑ ሳያይ የሚያልፈው ጥፋት ይኖራል። ይህ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። የሚያነጋግረው ዳኛው ጥፋቱን በዓይኑ አይቶ፣ በአፉም ገሥጾ፣ ነገር ግን ሳይቀጣ ሲያልፍ ነው። በአሁኑ ዘመን ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፖርቶች አንዱ ሚክስድ ማርሻል አርት በመባል የሚታወቀው ቅይጥ ፍልሚያ ነው። ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና ማነቅን ያጣመረው ይህ ስፖርት ረጅም የክልከላ ዝርዝር አለው። ይሁን እንጂ ከተከለከሉት ድርጊቶች ብዙዎቹ በቃል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይታለፋሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደ መጣ ከታሪኩ ተነሥቶ ማሳየት ነው። አስተያየቴ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጥፋት ሳይቀጣ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ዳኛው ደካማ ወይም አድሎኛ በመሆኑ አይደለም። ሕጉ በተግሣጽና በከባድ ቅጣት መካከል የሚረገጥ ደረጃ ስላልሠራለት ነው። ነገሩ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሩቅ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲስም በአሠሪና በተቋራጭ መካከል የቆመ ዳኛ ነውና።

በሕግ አምላክ

የወልድያ፣ የመርሳ ወይም የሐብሩ ሽማግሌ ስለ ቅይጥ ፍልሚያ ሰምቶ ባያውቅም፣ ጠብን ስለ ማስቆም ግን ብዙ ያውቃል። በገበያ መካከል ሁለት ሰዎች ቢያያዙ ከተመልካቹ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን ቃል ለመጥራት ሹም መሆን አያስፈልግም፤ ሴትም ሆነ ልጅ፣ የአገሩ ሰውም ሆነ መንገደኛ ሊጠራው ይችላል። ቃሉን ሰምቶ እጁን ያልሰበሰበ ሰው ከባላጋራው አልፎ ሕግን እንደ ደፈረ ይቆጠር ነበር። በጥንቱ ሙግትም ተከራካሪዎች ዳኛ ባጡበት ስፍራ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ፍረደን» ማለት ልማድ ነበራቸው። ዳኝነት ከሹመት አስቀድሞ የሕዝብ ግዴታ ነበር ማለት ነው።

ያልታየ ጥፋትም ስላልታየ ብቻ አይዘጋም ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ሕዝብ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ እየማለና እየተጠየቀ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። አጥፊው ካልተገኘም ጉዳቱን ሕዝቡ በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ ንጹሑን ከአጥፊው ጋር የሚያጉላላ ስለነበረ ዛሬ ይመለስ የሚል አይኖርም። ቢሆንም «አላየሁም» ማለት የነገሩ መጨረሻ እንዳልሆነ ያስተምር ነበር።

በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የተከበሩ አስታራቂዎች አሉ። ከወልድያ በስተ ሰሜን በራያ ቆቦ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ዘወልድ ይባላሉ። የእነዚህ ሽምግልና ዋና ነገሩ ካሳ ነው። ገዳዩ ሆን ብሎ መግደሉና ሳያስብ መግደሉ የካሳውን መጠንና የበደሉን ክብደት ሊለውጥ ይችላል። ሆኖም «ሳላስበው ነው» ያለ ሰው በዚህ ቃሉ ብቻ ነጻ ሆኖ አይሄድም፤ የተጎዳ ሰው አለና። ሐሳብና ጉዳት በየራሳቸው ይመዘናሉ። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የምንተርከው የስፖርት ታሪክ የሚሰናከለው በዚሁ ላይ ነውና።

በአንጻሩ የገና ጨዋታችን ለረጅም ዘመን ያለ ዳኛ ኖሯል። ሩሩን በገና ዱላ ሲያሳድዱ ቅልጥም ቢመታ፣ ግንባር ቢፈነከት፣ በዚያን ቀን ጌታም ቢሆን እንደማይቆጣ በተረት ይነገራል። ይህ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን የሠራው ተጫዋቾቹ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ጨዋታው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነና ማዕረግም ገንዘብም ስላልተያዘበት ነው። ፍልሚያ እንጀራ ሲሆን ይህ ይቅርታ አይበቃም።

ከግሪክ በትር እስከ እንግሊዝ ሽማግሌ

ለዛሬው ቅይጥ ፍልሚያ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው የጥንት ግሪኮች ፓንክራሽን ነው። ይህ ፍልሚያ በ648 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) በኦሎምፒያ ውድድር ውስጥ ገባ። ከመንከስና ዓይንን ከመጎርጎር በቀር ሁሉም የተፈቀደ ነበር። ዘመኑን ያለፉ የግሪክ የሸክላ ዕቃዎች ላይ አንዱ ተፋላሚ ጣቱን በባላጋራው ዓይን ሲሰድ፣ በአጠገባቸው የቆመው ሰው በትሩን ሊያሳርፍበት ሲያነሣ ተሥሎ ይታያል። ቅጣቱ እጅግ ቀላልና ፈጣን ነበር። ፍልሚያውን አያቋርጥም፣ አሸናፊውን አይለውጥም፣ ነገር ግን ያማል። ዳኛው በትሩን ለማንሣት ብዙ ማሰብ አያሻውም ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1743 ጃክ ብራውተን የተባለ ቡጢኛ ለቡጢ ፍልሚያ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ከታዳሚው መካከል ሁለት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እነርሱ ያልተስማሙ እንደሆነ ሦስተኛውን ራሳቸው ይመርጣሉ። የእኛን አገር ሽምግልና ለሚያውቅ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1867 የታተመው የኩዊንስበሪ ደንብ ጓንትን፣ የሦስት ደቂቃ ዙርንና የአሥር ሰከንድ ቆጠራን አጸና። እንግዲህ የፍልሚያ ስፖርት ለዳኝነት አዲስ አልነበረም ማለት ነው። የቅይጥ ፍልሚያ ጀማሪዎች ግን ይህን የተከማቸ ልምድ ትተው ከባዶ ጀመሩ።

እጁ የታሰረ ዳኛ

እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ፣ አልቲሜት ፋይቲንግ ቻምፒዮንሺፕ (ዩ.ኤፍ.ሲ.) የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። የክብደት ምድብና የነጥብ አሰጣጥ አልነበረውም። መንከስና ዓይን መጎርጎር ቢከለከሉም የሚያስከትሉት የገንዘብ መቀጮ ነበር። ዳኛው ፍልሚያውን በራሱ ውሳኔ የማስቆም ሥልጣን እንዲኖረው አልታሰበም፤ ማብቂያው የተፋላሚው ወይም የረዳቶቹ እጅ መስጠት ነበር።

በዚያ ምሽት በፍጻሜው ሆላንዳዊው ጄራርድ ጎርዶ ከብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ጋር ተገናኘ። ግሬሲ በኋላ እንደ ተናገረው ጎርዶ ጆሮውን ነክሶታል። ግሬሲም አንገቱን ይዞ ካነቀው በኋላ፣ ጎርዶ መሸነፉን በእጁ ቢያመለክትም ቶሎ አለቀቀውም። ዳኛ ያልቀጣውን ተበዳዩ በገዛ እጁ ቀጣው ማለት ነው። የዳኝነት ታሪክ ሁሉ የሚነሣው ይህን ለማስቀረት ነበር፤ ደመኛ በደመኛው ላይ ራሱ እንዳይፈርድ ነው አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ያሉት።

ከዚህ የከፋው ቆይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1995 በቶኪዮ ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ጎርዶ ከጃፓናዊው ዩኪ ናካይ ጋር ተጋጠመ። ናካይ በቁመትም በክብደትም ከጎርዶ እጅግ ያነሰ ነበር። ጎርዶ በፍልሚያው መካከል ጣቱን በናካይ ዓይን ሰደደ። ከውድድሩ ግን አልተባረረም። ናካይ በታመመ ዓይኑ ታግሎ የጎርዶን እግር ጠምዝዞ አሸነፈ፤ በዚያው ቀን ሌላ ባላጋራ ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰና በሪክሰን ግሬሲ ተሸነፈ። የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ግን ተመልሶ አልመጣም። ናካይ ስፖርቱ እንዳይነቀፍ ብሎ መታወሩን ለዓመታት ደብቆ ኖረ። በመዝገብ ላይ የተጻፈው ናካይ ማሸነፉ፣ ጎርዶ መሸነፉ ብቻ ነው። የጠፋው ዓይን በየትኛውም ዓምድ አልተመዘገበም።

በአሜሪካ የዳኛው እጅ ቀስ በቀስ እየተፈታ ሄደ። በሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረው ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1994 በሁለተኛው ውድድር ላይ ከዳኘ በኋላ፣ ፍልሚያን የማስቆም ሥልጣን ካልተሰጠው እንደማይቀጥል አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ሦስተኛው ውድድር ሥልጣኑ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ጆን ማኬይን ስፖርቱን ከዶሮ ድብድብ ጋር አመሳስለው እንዲታገድ ለሃምሳው ክፍላተ ሀገር አስተዳዳሪዎች ጻፉ። ከዚህ ግፊት የተነሣ የኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር የስፖርት ተቆጣጣሪ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የተዋሐደ ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ 31 የሚሆኑ ጥፋቶችን ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የቡጢ ኮሚሽኖች ማኅበር ደንቡን ተቀበለው። እነሆ ከ16 ዓመታት በኋላ ስፖርቱ የተሟላ የጥፋት ዝርዝር አገኘ። የቅጣቱ መሰላል ግን ጎድሎ ቀረ።

የአንድ ነጥብ ክብደት

የሚከተለው ቀላል ስሌት ነገሩን ያስረዳል። በቅይጥ ፍልሚያ እያንዳንዱ ዙር ከቡጢ በተወሰደው ዘዴ ይመዘናል፤ የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል። ቡጢ ግን እስከ 12 ዙር ስለሚሄድ አንድ ነጥብ ከብዙ አንዱ ነው። ተራ የቅይጥ ፍልሚያ ደግሞ ሦስት ዙር ብቻ ነው። ሁለቱን ዙር ያሸነፈ ተፋላሚ 29 ለ28 ይረታል። ዳኛው ከእርሱ አንድ ነጥብ ቢቀንስ ውጤቱ 28 ለ28 ይሆናል፤ ድል ወደ አቻ ይለወጣል። ከነጥብ ቅነሳ በላይ ያለው ደረጃ ማባረር ብቻ ነው።

ስለዚህ ዳኛው በእጁ ያለው ወይ ላባ ነው፣ ወይ መዶሻ ነው። ማስጠንቀቂያው ምንም አይመዝንም፤ ቅጣቱ የአንድን ሰው የወራት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ ላይ ጥፋቱ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በድንገት ብሎ እንዲለይ ይጠየቃል። በሰከንድ ውስጥ የሰው ልብ አይነበብም። ዳኛው ሲጠራጠር ወደ ላባው ያደላል። ተፋላሚውም ይህን ያውቃል፤ የመጀመሪያው ጥፋት፣ አንዳንዴም ሁለተኛው፣ ዋጋ እንደሌለው ቆጥሮ ይገባል።

ተበዳዩ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ጣት ዓይኑ ውስጥ የገባበት ተፋላሚ «አላይም» ቢል ሐኪሙ ፍልሚያውን ሊያስቆም ይችላል፤ ዝም ቢል ደግሞ በአንድ ዓይን ይፋለማል። ጉዳቱን የመናገር ዕዳ የተጫነው በተጎዳው ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን የሚያሳዩ ምሳሌዎች በቅርብ ዓመታት አልጠፉም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2021 ሊዮን ኤድዋርድስ በመጀመሪያው ዙር ስለ ጣቶቹ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ጣቱ እንደገና በበላል ሙሐመድ ዓይን ገባ። ሙሐመድ መቀጠል ስላልቻለ ፍልሚያው ያለ ውጤት ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2025 በአቡ ዳቢ በተደረገው የከባድ ሚዛን የሻምፒዮና ፍልሚያም ሲሪል ጋን የቶም አስፒናልን ዓይኖች በጣቱ ወጋ፤ አስፒናል ማየት እንደማይችል ስለ ተናገረ ፍልሚያው በመጀመሪያው ዙር ቆመ። ውጤት አልተሰጠም፣ ቀበቶው ከአስፒናል ጋር ቀረ። ድንገተኛ ነው ተብሎ ሲመዘገብ አጥፊው ሽንፈት አይቆጠርበትም፤ ተጎጂው ደግሞ ከሐኪም ጋር ይቀራል።

መዶሻው የወደቀባቸው ጊዜያትም አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ጆን ጆንስ ማት ሐሚልን በግልጽ ሲበልጥ ሳለ፣ ክርኑን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ስላወረደ ተባረረ። በስሙ የተጻፈው ብቸኛ ሽንፈት ይኸው ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ አመታት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ከጥፋት ዝርዝር እንዲወጣ መወሰኑ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2021 ደግሞ ፒዮትር ያን በጉልበቱ ተንበርክኮ የነበረውን አልጃሜይን ስተርሊንግን በጉልበት መትቶ ስለ ተባረረ ሻምፒዮንነቱን አጣ፤ በዩ.ኤፍ.ሲ. ታሪክ ቀበቶ በማባረር ባለቤት ሲለውጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ቅጣቶች በደንቡ መሠረት ትክክል ናቸው። ነገር ግን ከላባውና ከመዶሻው መካከል ሌላ መሣሪያ እንደሌለ ያስረዳሉ።

በእኛም ወገን

ይህን የምንጽፈው የሌላውን ጉድለት ለመቁጠር ብቻ እንዳይሆን፣ እኛን የጠቀመውንም ማንሣት ይገባል። ዩ.ኤፍ.ሲ. በተጀመረበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1993፣ በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የ20 ዓመቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ከኋላው ተጠግቶ ይሮጥ ነበር። ወደ መጨረሻው ዙር ሲቃረቡ የኃይሌ እግር የታኑይን ተረከዝ ረገጠና ጫማው ወለቀ። ታኑይ በአንድ ጫማ ሮጦ እስከ መጨረሻው ድረስ ተፎካከረ፤ ኃይሌ በግማሽ ሰከንድ ያህል ቀደመው። ወርቁም የኢትዮጵያ ሆኖ ጸና። እግር ለእግር ተጠጋግተው ሲሮጡ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ ኃይሌም ከዚያ በኋላ የሠራው ገድል ማንንም የሚያጠራጥር አይደለም። ቢሆንም ኬንያዊ ሆኖ ያንን ሩጫ ላየ ሰው ነገሩ በቀላሉ የሚረሳ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም። ያልተመዘነ ጉዳት በአንደኛው ወገን ልብ ውስጥ ሳይዘጋ ይቀራል።

በዳኝነት ላይ ያለው እምነት ሲጠፋ ደግሞ ሜዳው ራሱ ይፈርሳል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ መካከል በተደረገ ጨዋታ ዳኛው በሜዳው ላይ ጥቃት ስለ ደረሰባቸው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለጊዜው እንዲቋረጥ ተደርጓል። በወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ግን የወልድያና የመቐለ ክለቦች ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ በከተማው በተነሣ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ይህ ሁለተኛው ግጭት በዳኛ ውሳኔ የመጣ አልነበረም፤ መንስኤው ከስፖርት የሰፋ ነበር። ሆኖም ስታዲየም ለመሥራት ብረትና ኮንክሪት ቢበቁም፣ ውድድር ለማካሄድ ግን የጋራ ዳኛን አምኖ መቀበል እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የመሐንዲሱ ሚዛን

በግንባታ ውል ውስጥ ተቋራጩ ያለ በቂ ምክንያት ባዘገየበት እያንዳንዱ ቀን የሚቆጠር መቀጮ አለ። መቀጮው በቀን ሲታይ ትንሽ ነው። በውሉ ከተፈቀዱት ምክንያቶች ውጭ እስከ ሆነ ድረስ፣ መዘግየቱ ከክፋት ይምጣ ከስንፍና ተብሎ ልብ አይመረመርም። ኮንክሪትም በ28ኛው ቀን ተጨምቆ ሲፈተን ማሽኑ የሚያነበው ጥንካሬውን ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በእጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ውል ማፍረስ ብቻ ቢኖሩት ኖሮ፣ ውል ማፍረስ ለሁሉም ወገን ኪሳራ ስለሆነ፣ ጉድለቱ ሁሉ በደብዳቤ ብቻ ይታለፍ ነበር። መካከለኛው ቅጣት ዳኛውን ከፍርሃት ያድነዋል።

በቅይጥ ፍልሚያም ይህ ሊሠራ የማይችል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን ይካሄድ የነበረው ፕራይድ የተባለ ውድድር ፍልሚያን ለሚያጓትት ተፋላሚ ቢጫ ካርድ እያሳየ ከክፍያው 10 በመቶ ይቀንስ ነበር። ይህ ቅጣት አሸናፊውን አይለውጥም፣ ነገር ግን ኪስን ይነካል። በአሠራሩ ከግሪኩ በትር ጋር አንድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ ዓይን የነካ ጣት ሁሉ ሐሳቡ ሳይመረመር ከክፍያ ላይ አነስተኛ መቀጮ ቢያስከትልና መቀጮው ለተጎጂው ካሳ ቢሆን። ሁለተኛ፣ የነጥብ ቅነሳ ለሁለተኛው ጥፋት ግዴታ ቢሆንና ዳኛው «ልቅጣ፣ አልቅጣ» ብሎ ብቻውን እንዳይጨነቅ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ ፍልሚያ በጥፋት ምክንያት ሲቆም ፊልሙ ታይቶ በማግስቱም ቢሆን ውሳኔ የሚሰጥበት ችሎት ቢኖር።

ከሦስቱ አንዱም ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአበጋሩ ካሳ ነው። ሁለተኛው «በሕግ አምላክ» ተብሎ ሰምቶ ያልቆመ ሰው የሚጠብቀው ዕጣ ነው። ሦስተኛው ንጹሑን ከማጉላላት የጸዳ አውጫጭኝ ነው። ቴኳንዶና ሌሎች የፍልሚያ ስፖርቶች በከተሞቻችን እየተስፋፉ ናቸው፤ ቅይጥ ፍልሚያም አንድ ቀን በወልድያ ወይም በመርሳ አዳራሽ መካሄዱ የማይቀር ነው። በዚያን ጊዜ ደንቡን ከውጭ እንዳለ ገልብጠን ከመቀበላችን በፊት፣ ቢያንስ በወጣቶች ውድድር ላይ የቅጣቱን ደረጃዎች አሟልተን ብንጀምር ይሻላል። የናካይ ዓይን የጠፋው ዳኛ ባልነበረበት ስፍራ አልነበረም፤ ዳኛው ቆሞ ነበር። የጎደለው ዳኛው ሳይፈራ የሚያነሣው ትንሽ በትር ነው።